የሦስት ዓመት ልጅ ወረፋ፦ ዋሽንግተን የትምህርት ቤት ወንበር የምታድልበት ቀመር ከየት መጣ?

ሦስት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ልጅ አላችሁ እንበል፤ የምትኖሩት ደግሞ ዋሽንግተን ዲሲ። ከቤታችሁ ብዙም ሳይርቅ በእንግሊዝኛና በቻይንኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ። ክፍያ የለውም፤ የመግቢያ ፈተናም የለውም። ሌላ በስፓኒሽ የሚያስተምር፣ ሌላ በፈረንሳይኛ የሚያስተምርም አለ፤ እነሱም በነፃ። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፦ ሰፈሩ ሁሉ ልጁን እዚያው ማስገባት ይፈልጋል።

ታዲያ ማን ይግባ? ቀድሞ የተሰለፈ? ጎበዝ? ሰው የሚያውቅ? ጥያቄው የወላጆች ጭንቀት ብቻ ይመስላል። ከኋላው ግን የሐኪሞች ቅጥር ትርምስ፣ በ1962 የታተመ አጭር የሒሳብ ጽሑፍ፣ የቦስተን ወላጆች ብልጠትና የኖቤል ሽልማት አለ። (ዓመቶቹ በሌላ መንገድ ካልተገለጹ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዳችሁ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ስትሞሉ «የምፈልገውን ላስቀድም ወይስ የሚደርሰኝን?» ብላችሁ እንቅልፍ አጥታችሁ ከሆነ ይህ ታሪክ እናንተንም ይነካል።

መጀመሪያ ግን ቻርተር ትምህርት ቤት ምን እንደሆነ እንይ። የሕዝብ ትምህርት ቤት ነው፤ ወጪውን መንግሥት በተማሪው ቁጥር ልክ ይሸፍናል። የሚያስተዳድረው ግን የከተማው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሳይሆን ራሱን የቻለ ቦርድ ነው። ቦርዱ «ይህን ያህል ውጤት አመጣለሁ» ብሎ ውል ይገባል፤ ካላመጣ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ይችላል። ስሙም የመጣው ከዚሁ ውል ነው። ሐሳቡን የጠነሰሰው ሬይ በዲ የሚባል የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሲሆን፣ በ1988 የአንድ ትልቅ የመምህራን ማኅበር መሪ አልበርት ሻንከር ተቀብሎ አገር ምድሩን አሰማለት። (ኋላ ላይ ሐሳቡ ከእጁ ሲወጣ ሻንከር ራሱ ዋነኛ ተቺው ሆኗል።) ሚኒሶታ በ1991 የመጀመሪያውን ሕግ አወጣች፤ በ1992 ሴንት ፖል ከተማ የመጀመሪያው ተከፈተ። ዲሲ በ1996 ተከተለች። ዛሬ በዲሲ በሕዝብ ገንዘብ ከሚማሩት ልጆች ግማሽ ለመሆን ጥቂት የቀራቸው በቻርተር ትምህርት ቤት ነው ያሉት።

ለእኛ ጉዳይ ትልቁ ነገር ሕጉ ውስጥ ያለች አንዲት ደንብ ናት፦ ከወንበር በላይ አመልካች ከመጣ ትምህርት ቤቱ መምረጥ አይችልም። እጣ ያወጣል።

እቁብ የምታውቁ እጣ አዲስ አይሆንባችሁም። ግን ልዩነት አለ። እቁብ ላይ ዛሬ ያልደረሰው ሰው ቢዘገይም ይደርሰዋል፤ ዙሩ እስኪያልቅ መጠበቅ ብቻ ነው። ልጅ ሦስት ዓመት የሚሆነው ግን አንዴ ነው። በዚያ ላይ ዲሲ በ2008 ባወጣችው ሕግ ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጆች ሁሉ በነፃ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ለማዳረስ ተነስታለች፤ ሆኖም በዚህ ዕድሜ በየትኛው ትምህርት ቤት ቦታ እንደምታገኙ ዋስትና የለም ማለት ይቻላል። የሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ልጃችሁን የመቀበል ግዴታ የሚኖርበት ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ነው። ስለዚህ ትልቁ ሩጫ የሚካሄደው ገና ስማቸውን መጻፍ በማይችሉ ልጆች ላይ ነው።

እጣው ራሱ ፍትሐዊ ነው፤ ሁሉም እኩል ዕድል አለው። ችግሩ የሚመጣው እጣዎቹ ብዙ ሲሆኑ ነው። ለረጅም ጊዜ በዲሲ እያንዳንዱ ቻርተር የራሱን እጣ ያወጣ ነበር። አንድ ቤተሰብ ስምንት ቦታ ያመለክታል፤ ዕድለኛው ልጅ ሦስት ቦታ ይደርሰዋል፣ ጎረቤቱ አንድም ቦታ አያገኝም። ዕድለኛው ቤተሰብ ደግሞ ሦስቱንም ይዞ ይቆያል (ማን ይለቃል?)። ትምህርት ሲጀመር ባዶ ወንበሮች ይታያሉ፤ ስልክ ይደወላል፤ ከተጠባባቂ ዝርዝር አንድ ልጅ ይጠራል፤ እሱ የለቀቀው ወንበር ሌላ ልጅ ይጠራል፤ እንዲህ እያለ ከተማው ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ምህንድስና የተማረ ሰው ይህን ሲያይ አንድ ነገር ነው የሚለው፦ ይህ የቅንጅት ችግር እንጂ የወንበር ችግር ብቻ አይደለም።

የሐኪሞቹ ትርምስ

ይህን ዓይነት ትርምስ በሰፊው ቀድመው የቀመሱት ሐኪሞች ነበሩ። በ1940ዎቹ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ተለማማጅ ሐኪም ለማግኘት ሲሽቀዳደሙ ተማሪዎችን ከመመረቃቸው ሁለት ዓመት ቀድመው መቅጠር ጀመሩ። ሁለት ዓመት የቀረው ተማሪ ምን ዓይነት ሐኪም እንደሚወጣው ማን ያውቃል? ይህን ለማስቆም ቀኑ ሲገደብ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፦ «አሁኑኑ እሺ በል፣ አለዚያ ቦታውን ለሌላ እንሰጣለን» የሚል ስልክ። በመጨረሻ በ1952 ሁሉም ምርጫውን በደረጃ ጽፎ ለአንድ ማዕከል እንዲልክና ማዕከሉ እንዲያገናኝ ተስማሙ። ሠራ። ለምን እንደሠራ ግን በቅጡ የገባው ሰው አልነበረም።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ስለ ሐኪሞቹ የማያውቁ ሁለት የሒሳብ ሰዎች፣ ዴቪድ ጌልና ሎይድ ሻፕሊ፣ ስለ ኮሌጅ ቅበላና ስለ ጋብቻ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ጽሑፉ ሰባት ገጽ ነው። ፎርሙላ የሚባል ነገር የለበትም፤ በትዕግሥት የሚያስብ ሰው ሁሉ ይከተለዋል። ጥያቄያቸው ይህ ነበር፦ ሁለት ወገኖች አንዱ ሌላውን በደረጃ ከመረጡ፣ ማንም «እኔ እሷን እመርጥ ነበር፣ እሷም እኔን ትመርጥ ነበር፣ ለምን ተለያየን?» የማይልበት ምደባ ሁልጊዜ ይገኛል? መልሱ አዎ ነው፤ እንዴት እንደሚገኝም አሳዩ። ይህን ዓይነት ምደባ «የተረጋጋ» ይሉታል። በ1984 አልቪን ሮዝ የሚባል ተመራማሪ የሐኪሞቹ ማዕከል ሲጠቀምበት የኖረው ዘዴ በመሠረቱ ይኸው የጌልና የሻፕሊ ዘዴ መሆኑን አሳየ። ሮዝና ሻፕሊ በ2012 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለሙ። ጌል በ2008 አርፎ ስለነበር አልደረሰበትም።

በወረቀት እንሞክረው

አሁን እስክሪብቶ አንሱ። ሦስት ልጆች አሉ፦ ናሆም፣ ልዑልና ሜሮን። ሦስት ትምህርት ቤቶችም አሉ፦ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ወንበር ብቻ ነው የቀራቸው። በእጣ ናሆም 1፣ ልዑል 2፣ ሜሮን 3 ቁጥር ደርሷቸዋል፤ ትንሹ ቁጥር ይቀድማል። ናሆምና ልዑል መጀመሪያ ቢጫን፣ ቀጥሎ ሰማያዊን፣ በመጨረሻ አረንጓዴን ይፈልጋሉ። ሜሮን ሰማያዊን ታስቀድማለች፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ አረንጓዴ።

በመጀመሪያ ቦስተን እስከ 2005 የተጠቀመችበትን ዘዴ እንይ። ሲያዩት በጣም ጤነኛ ይመስላል፦ በመጀመሪያው ዙር እያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንደኛ ያደረጉትን ልጆች ብቻ ያያል፣ ወንበሩንም ለዘለቄታው ይሰጣል። በሁለተኛው ዙር የተረፈ ወንበር ካለ ሁለተኛ ያደረጉትን ያያል። ቢጫን ናሆምና ልዑል ጠየቁ፤ ናሆም በቁጥሩ ያዘው። ሰማያዊን አንደኛ ያደረገችው ሜሮን ብቻ ናት፤ ወሰደች፣ አለቀ። ልዑል በሁለተኛው ዙር ሰማያዊ ጋ ሲሄድ በሩ ተዘግቷል። አረንጓዴ ገባ።

ልብ በሉ፦ ልዑል ከሜሮን የተሻለ እጣ ነበረው። የተቀጣው እውነቱን ስለተናገረ ነው። ቢዋሽና ሰማያዊን አንደኛ ቢያደርግ ኖሮ 2 ቁጥር ከ3 ይቀድማልና ያገኘው ነበር።

ቦስተን ውስጥ ይህ የወረቀት ጨዋታ አልነበረም። የምዕራብ ክልል ወላጆች ቡድን የሚባል ስብስብ እየተገናኘ የትኛው ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ዙር እንደሚሞላ ያጠናና የትኛውን ማስቀደም እንደሚያዋጣ አባላቱን ይመክር ነበር። ጊዜ ያላቸው፣ ቋንቋውን የሚያውቁ፣ ሰው የሚያውቁ ወላጆች እንዲህ ያሰላሉ። ሌሊት ታክሲ ሲነዳ አድሮ ጠዋት ቅጹን የሚሞላው አባት ግን በቅንነት የሚወደውን ያስቀድማል፤ ከሁሉም ይወድቃል። እኔን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚከነክነኝ ይህ ነው። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው፣ ማንም አላጭበረበረም፣ ግን ዘዴው ራሱ ቅን ሰው ላይ ቀረጥ ይጥላል። አቲላ አብዱልቃድሮሉና ታይፉን ሶንሜዝ የተባሉ ሁለት ቱርካውያን ኢኮኖሚስቶች ይህን ጉድለት በ2003 ባወጡት ጽሑፍ አጋለጡት። ነገሩ የከተማው ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ከተማውም ከእነሱ፣ ከሮዝና ከፓራግ ፓታክ ጋር መክሮ በ2005 ዘዴውን ጣለው። የከተማው ባለሥልጣናት ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ ያው የታክሲ ነጂው ጉዳይ ነበር፦ ማስላት የማይችል ወላጅ መጎዳት የለበትም የሚል።

የጌልና የሻፕሊ ዘዴ የሚለየው በአንድ ቃል ነው፦ «ለጊዜው»። ትምህርት ቤቱ ልጁን ለጊዜው ይይዛል፤ የተሻለ ቅድሚያ ያለው ልጅ ቆይቶ ቢመጣ የያዘውን ይለቃል። እንሞክር። ቢጫ ናሆምን ያዘ፣ ልዑልን መለሰ። ሰማያዊ ሜሮንን ያዘ። የተመለሰው ልዑል ሰማያዊን ጠየቀ፤ 2 ከ3 ስለሚቀድም ሰማያዊ ልዑልን ይዞ ሜሮንን ለቀቀ። ሜሮን ቢጫን ጠየቀች፤ እዚያ ያለው ናሆም ባለ 1 ቁጥር ነው፣ አልሆነላትም። አረንጓዴ ገባች። የሚጠይቅ ሲያልቅ ጊዜያዊው ቋሚ ይሆናል። ልዑል እውነቱን ተናግሮ እጣው የሚገባውን አገኘ። ይህን በፓይተን ስጽፈው ከሠላሳ መስመር ያነሰ ነበር፤ አንድ ከተማ በዚህች ቁራጭ ኮድ ልጆቹን ያስተምራል ማለት ያስገርማል።

አሁን እውነተኛውን ዓለም ትንሽ እንጨምርበት። የሜሮን ታላቅ ወንድም ቢጫ ይማራል እንበል። በዲሲም ወንድም ወይም እህት እዚያው የሚማርለት ልጅ ቅድሚያ አለው፤ እናት ጠዋት ጠዋት ሁለት ትምህርት ቤት እንዳትሮጥ ነው። ጨዋታውን ከሜሮን ቢጫን ከምትጠይቅበት ቦታ እንቀጥል። ወንድም ስላላት ከናሆም ትቀድማለች፤ ናሆም ይለቀቃል። ናሆም ወደ ሰማያዊ ሄዶ ልዑልን ያስለቅቃል። ልዑል አረንጓዴ ይደርሳል። የመጨረሻው ምደባ ሜሮን ቢጫ፣ ናሆም ሰማያዊ፣ ልዑል አረንጓዴ ነው።

ቆይ ግን! ሜሮን ሰማያዊን ነበር ያስቀደመችው፤ ናሆም ደግሞ ቢጫን። ቢለዋወጡ ሁለቱም ደስ ይላቸዋል፣ ልዑልም ያው አረንጓዴ ነው፣ ምንም አይቀነስበትም። ታዲያ ኮምፒውተሩ ለምን ይከለክላቸዋል? ምክንያቱም ከተለዋወጡ ልዑል የሚያነሳው እውነተኛ ቅሬታ ይኖረዋል፦ «ሰማያዊ ላይ እኔ ከሜሮን እቀድም ነበር፤ እንዴት እሷ ገባች?» ይላል። ልክ ነው። ማንም እንዲህ ያለ ቅሬታ እንዳይኖረው ካላችሁ ሊገኝ የሚችል ደስታ ትሠዋላችሁ፤ ደስታውን ካላችሁ ደግሞ ቅሬታውን ትቀበላላችሁ። ሁለቱንም ሁልጊዜ አንድ ላይ የሚሰጥ ዘዴ እንደሌለ በሒሳብ ተረጋግጧል። ኒው ኦርሊንስ በ2012 ብዙዎቹን ቻርተሮቿንና ሌሎች የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን በአንድ ቅጽ ስታዋህድ የመለዋወጡን ዘዴ መርጣ ነበር፤ በዓመቱ ትታው ወደ ጌልና ሻፕሊ ዞረች። እኔ ብጠየቅ እኔም ይህንኑ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም «ከአንተ የምትቀድም ልጅ ናት የገባችው» የሚለውን መልስ ማንኛውም ወላጅ ይረዳዋል፣ «ሁለት ሰዎች ተለዋውጠው ነው» የሚለውን ግን ለልዑል እናት ማስረዳት እኔም አልችል።

ወደ ዲሲ እንመለስ

ኒው ዮርክ በ2003 የሁለተኛ ደረጃ ቅበላዋን በዚህ መንገድ ስታዋቅር ካልመረጡት ትምህርት ቤት የሚመደቡት ልጆች ከ30,000 በላይ ከነበሩበት በመጀመሪያው ዓመት ወደ 3,000 ገደማ ወረዱ። ዲሲ ደግሞ ለ2014–15 የትምህርት ዘመን የከተማውን ትምህርት ቤቶችና አብዛኞቹን ቻርተሮች «ማይ ስኩል ዲሲ» በሚባል አንድ እጣ ሥር አመጣች። ቤተሰቡ እስከ 12 ትምህርት ቤት በደረጃ ይጽፋል፣ እያንዳንዱ ልጅ አንድ እጣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ስሌቱ ቢበዛ አንድ ወንበር ይሰጠዋል። አራተኛ ምርጫው ከደረሰው ከዚያ በላይ ባሉት ሦስቱ ላይ ተጠባባቂ ይሆናል፤ ከታች ያሉት ግን ስሙን ይሰርዛሉ። ሦስት ወንበር ይዞ መቆየት ቀረ። በከተማዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስላሉና የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ስለሚያስገድድ፣ ስለ እጣው የሚያስረዳው ጽሑፍ በአማርኛም ይገኛል። የታክሲ ነጂው አባት «የምትወዱትን በምትወዱት ቅደም ተከተል ጻፉ» የሚለውን በቋንቋው ያነበዋል፤ ምክሩም እውነተኛ ነው። (ጥብቅ ብንል ከ12 በላይ መጻፍ አለመቻሉ ትንሽ ያዛባዋል፤ አሥራ ሁለቱንም በጣም ተፈላጊ ትምህርት ቤቶች ብቻ የሞላ ሰው ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።)

ግን እኮ ቀመር ወንበር አይሠራም። መቶ ልጅ ለአሥር ወንበር ከመጣ ዘጠና ልጅ ይመለሳል፤ ኖቤል የተሸለመ ሒሳብም ይህን አይለውጥም። ቀመሩ የሚለውጠው ማን እንደሚመለስና ለምን እንደሆነ ነው። ይህ ደግሞ የሚሠራው በጎን በር ከሌለ ብቻ ነው። በየካቲት 2018 የዲሲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ዋና ኃላፊ አንትዋን ዊልሰን ሥራውን ለቀቀ፤ ምክንያቱ የልጁ ዝውውር ተጠባባቂ ዝርዝሩን ዘሎ መፈጸሙ ነበር። ባለሥልጣናት እንዲህ እንዳያደርጉ የሚከለክለውን መመሪያ ጥቂት ወራት ቀድሞ ያወጣው እሱ ራሱ ነው። እኛም አገር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፦ ሐምሌ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የ14ኛው ዙር የኮንዶሚኒየም እጣ ከወጣ በኋላ የማይገባቸው ሰዎች ስም መረጃው ውስጥ መግባቱ ተደርሶበት ተሰርዟል። በሁለቱም ቦታ ሒሳቡ አልተሳሳተም። የተነካው ወደ ሒሳቡ የሚገባው ወይም ከሒሳቡ የሚወጣው ዝርዝር ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማሩ ልጆች ኮዱን በመጻፍ አታቁሙ፤ ስሞቹ ማን እጅ እንደሚያልፉ፣ ማን ምን እንደቀየረ የሚመዘግበው መዝገብ የት እንዳለ ጠይቁ። ከባዱ የምህንድስና ሥራ ያ ነው።

ወረቀታችሁን ገና ካልጣላችሁት አንድ ነገር ሞክሩ። ሜሮን ወንድም ያላትን ጨዋታ እንደገና ጀምሩት፤ በዚህኛው ግን ልዑል እንደ ቦስተን ወላጆች ብልጥ ሆኖ ሰማያዊን አንደኛ ያድርግ። ሰማያዊ መጀመሪያ ይይዘዋል፣ ሜሮን ወደ ቢጫ ትሄዳለች፣ ናሆም ይለቀቃል፤ ቀጥሉት። ብልጠቱ ምንም እንደማይጠቅመው፣ መጨረሻው ያው አረንጓዴ እንደሆነ ታያላችሁ። ከዚያ ልዑል ተናዶ አረንጓዴን ከዝርዝሩ ጭርሱኑ ቢሰርዘው ምን እንደሚሆን ተመልከቱ፦ አረንጓዴ ውስጥ አንድ ወንበር ባዶ ይቀራል፣ ልዑልም ቤት ይቀራል።